የ2010 የቶሮንቶ የቡድን 20 ጉባኤ የጅምላ እስር

የቶሮንቶ የቡድን 20 ጉባኤ የጅምላ እስር እ.ኤ.አ. ጁን 26 እና 27 ቀን 2010 (ሰኔ 19 እና 20 ቀን 2002 ዓ.ም.) የቡድን 20 አገሮች መሪዎች በካናዳዋ ቶሮንቶ ከተማ ተሰብስበው ሳለ ፖሊስ ከ1,100 በላይ ሰዎችን ያሰረበት ክስተት ነው። በወቅቱ በካናዳ ታሪክ ትልቁ የጅምላ እስር ነበር። ከዚያ በፊት እጅግ የሚታወሰው የ1970 የኬቤክ ቀውስ ሲሆን፣ ያኔ የጦርነት ጊዜ አዋጅ ታውጆም የታሰሩት ሰዎች ቁጥር ወደ 500 ገደማ ነበር። በቶሮንቶ ከታሰሩት መካከል አብዛኞቹ ምንም ክስ ሳይመሠረትባቸው ተለቀዋል። የከተማዋ ሕዝብ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በብዛት ከፖሊስ ጎን ቆሞ ነበር። ቪዲዮዎችና የምርመራ ሪፖርቶች አንድ በአንድ ሲወጡ ግን የብዙ ሰው አስተያየት ተለውጧል፤ ጉዳዩም በፍርድ ቤት ስምምነት የተዘጋው ከ10 ዓመት በኋላ ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጉባኤው በፊት

ካናዳ በዚያ ሳምንት ያስተናገደችው ሁለት ጉባኤዎችን ነው። የቡድን 8 አገሮች መሪዎች ከቶሮንቶ ወደ ሰሜን 200 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ሃንትስቪል በተባለች የመዝናኛ ከተማ ተገናኙ። ከዚያም የቡድን 20 መሪዎች ቶሮንቶ መሀል ከተማ በሚገኘው የስብሰባ ማዕከል ተሰበሰቡ። ኢትዮጵያ የቡድኑ አባል ባትሆንም ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በኔፓድ ሊቀ መንበርነታቸው ተጋብዘው ተገኝተዋል። የጉባኤው ዋና ውሳኔ የበለጸጉት አገሮች የበጀት ጉድለታቸውን እስከ 2013 በግማሽ እንዲቀንሱ የሚል ነበር። ሠራተኛ ማኅበራትና የተራድኦ ድርጅቶች ለሰልፍ ከወጡባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው፤ የመንግሥት ወጪ ሲቀነስ ጫናው በድሆች ላይ ይወድቃል የሚል ስጋት ነበራቸው።

ለሁለቱ ጉባኤዎች ጥበቃ የተመደበው ገንዘብ ወደ 1 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ይጠጋ ነበር። በስብሰባው ማዕከል ዙሪያ 3 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የብረት አጥር ተተከለ፤ 77 ተጨማሪ የክትትል ካሜራዎችም በየመንገዱ ተሰቀሉ። የቶሮንቶ ፖሊስ በከፍተኛ ድምፅ ሰውን ከቦታው የሚያስለቅቁ አራት መሣሪያዎች ገዛ። የመብት ተሟጋቾችና ሠራተኛ ማኅበራት በዚህ ላይ ፍርድ ቤት ሄደው፣ ከጉባኤው አንድ ቀን በፊት አጠቃቀሙን የሚገድብ ከፊል እግድ አግኝተዋል። የሲኤን ማማ ተዘጋ፣ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የመሀል ከተማ ግቢ በሩን ቆለፈ፣ ብሉ ጄይስ የተባለው የከተማዋ የቤዝቦል ቡድንም በሜዳው ሊያደርጋቸው የነበሩ ጨዋታዎችን በተጋጣሚው ከተማ በፊላደልፊያ አደረገ። ለዱላ ያገለግላሉ ተብሎ በአጥሩ አካባቢ የነበሩ ችግኞች ሳይቀሩ ተነቅለዋል።

ሕዝቡ ከሁሉ በላይ የተሳለቀበት ግን ለጋዜጠኞች ማዕከል ተብሎ የተሠራው ሰው ሠራሽ ኩሬ ነበር። ከኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር ቆሞ ሌላ ሐይቅ መሥራት ምን ማለት ነው የሚለው ጥያቄ ለሳምንታት የጋዜጦች ርዕስ ሆኗል። በገንዘብ ረገድ ትንሽ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሰዉ ጉባኤውን ገና ሳይጀመር በጥርጣሬ እንዲያየው አድርጓል።

ሳይታወቅ የወጣው ደንብ

ከእስሩ ይልቅ በኋላ ብዙ ያነጋገረው የሕጉ ጉዳይ ነው። የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ግድቦችን፣ የኃይል ማመንጫዎችንና የመሳሰሉትን ከአሻጥር ለመጠበቅ ያወጣው «የሕዝብ ሥራዎች ጥበቃ አዋጅ» የሚባል ሕግ ነበር። በዚህ አዋጅ መሠረት ጠባቂ የሆነ ሰው ወደ «ሕዝብ ሥራ» የሚቀርብን ማንኛውንም ግለሰብ ማንነቱን መጠየቅና ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ መፈተሽ ይችላል። እምቢ ያለ እስከ 500 ዶላር ይቀጣል ወይም እስከ ሁለት ወር ይታሰራል። ከዚህም የሚያስገርም አንቀጽ ነበረው፦ ጠባቂው የቦታው ወሰን እስከዚህ ነው ብሎ በመሐላ ከመሰከረ ቃሉ የመጨረሻ ማስረጃ ተደርጎ ይወሰዳል።

የቶሮንቶ ፖሊስ አዛዥ ቢል ብሌር ባቀረቡት ጥያቄ መሠረት የኦንታሪዮ ካቢኔ ጁን 2 ቀን በአጥሩ ውስጥ ያሉ መንገዶችን «የሕዝብ ሥራ» ብሎ የሚሰይም ደንብ አጸደቀ። በምክር ቤት ክርክር አልተደረገበትም፣ ጋዜጣዊ መግለጫም አልተሰጠበትም። ጁን 16 ቀን በክፍለ ሀገሩ የሕግ ድረ ገጽ ላይ ተለጠፈ። እንደ እኛ ነጋሪት ጋዜጣ በሚያገለግለው የኦንታሪዮ ጋዜጣ ላይ የታተመው ግን ጁላይ 3 ነው፤ ያኔ ጉባኤው አልቆ ደንቡም ጊዜው አልፎበት ነበር። ኮምፒውተር ለሚያጠና ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፦ በሺህ በሚቆጠሩ ገጾች መካከል አንድ ፋይል ተጨመረ ማለት ሰው አየው ማለት አይደለም።

ሕዝቡ ስለ ደንቡ የሰማው በአጥሩ አቅራቢያ ሲያልፍ መታወቂያ አላሳይም ያለ አንድ ሰው ጁን 24 ቀን ከታሰረ በኋላ ነው። በማግሥቱ ዜናው ሲወጣ ፖሊስ ከአጥሩ በ5 ሜትር ርቀት ውስጥ የተገኘ ሁሉ የመፈተሽ ግዴታ እንዳለበት ተናገረ። አዛዡም ይህንኑ አረጋገጡ። ደንቡ ግን የሚመለከተው በአጥሩ ውስጥ ያለውን ክልል እንጂ ውጭውን አልነበረም። ጉባኤው ካለቀ ከሁለት ቀን በኋላ ጋዜጠኞች የ5 ሜትር ሕግ በእርግጥ ነበር ወይ ብለው ሲጠይቋቸው ብሌር ፈገግ ብለው እንዳልነበረ አመኑ፤ ወንጀለኞችን ለማራቅ ስፈልግ ነበር አሉ። ከጉባኤው ትዝታዎች ሁሉ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ የሚያነሳው ይህን ፈገግታ ነው።

ፖሊሶች ከአጥሩ ርቀው ባሉ መንገዶች ላይ እንኳ ቦርሳ ሲፈትሹ ሰንብተዋል። ከአጥሩ ራቅ ባለ ቦታ የአንድን ሰው ቦርሳ ለመፈተሽ የፈለገ የአጎራባች አውራጃ ፖሊስ፣ ሰውየው በካናዳ ይህ መብቴ ነው ሲለው አሁን እዚህ ካናዳ አይደለም ብሎ የመለሰበት ቪዲዮ በሰፊው ታይቷል። የኦንታሪዮ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም ከዓመታት በኋላ በ2015 በዚሁ ጉዳይ ለተፈተሸው ሰው ፈርዷል።

ቅዳሜ፣ ጁን 26

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሠራተኛ ማኅበራት የመሩት ሰልፍ ከኩዊንስ ፓርክ ተነሣ። ወደ 10 ሺህ ይደርሳሉ ተብለው የተገመቱ ሰዎች፣ ልጆቻቸውን የያዙ ቤተሰቦች ሳይቀሩ፣ በሰላም ተጉዘዋል። በመሀሉ ጥቁር የለበሱና ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች ከሰልፉ ተነጥለው በኩዊንና በያንግ ጎዳናዎች የባንክና የሱቅ መስታወት መሰባበር ጀመሩ። የፖሊስ መኪኖችም ተቃጠሉ። እነዚህ «ብላክ ብሎክ» የሚባሉት ተቃዋሚዎች ናቸው። ስሙ የድርጅት አይደለም፤ የአለባበስና የአካሄድ ዘዴ ነው። ፊትን ሸፍኖ በአንድ ዓይነት ልብስ መጓዝ፣ ጉዳት ማድረስ፣ ከዚያ ልብሱን ጥሎ ከሕዝቡ ጋር መቀላቀል ነው።

ለብዙ ነዋሪዎች እንቆቅልሽ የሆነው በዚህ ሰዓት ፖሊስ የት ነበር የሚለው ነው። በሺህ የሚቆጠር ኃይል አጥሩን ሲጠብቅ መስታወቱ ሲሰበር የሚያስቆም አልነበረም። ፖሊስ ሲንቀሳቀስ ደግሞ አብዛኞቹ አጥፊዎች ተበትነው ነበር። በዚያው ማታ ጎዳናዎቹን መልሳችሁ ያዙ የሚል ትእዛዝ ተላለፈ። አስለቃሽ ጭስም በቶሮንቶ ፖሊስ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተተኮሰ። ለተቃውሞ ተብሎ በይፋ ተለይቶ የነበረው ኩዊንስ ፓርክ በፈረሰኞችና በጋሻ ጃግሬ ፖሊሶች ተጠራረገ፤ ሣር ላይ ተቀምጠው የነበሩ ሰዎችም ታሰሩ። ሌሊት ኖቮቴል በተባለው ሆቴል ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀምጠው ይዘምሩ የነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ግራና ቀኝ ተከበው በጅምላ ተወሰዱ።

እሑድ፣ ጁን 27

እሑድ ጠዋት ፖሊስ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ማኅበር ጂምናዚየም ውስጥ ተኝተው የነበሩ፣ ብዙዎቹ ከኬቤክ የመጡ ወጣቶችን አሰረ። የዐቃቤ ሕግ ቢሮ ከወራት በኋላ ክሱን አነሣ፤ ምክንያቱም ፖሊስ ሲገባ የፍርድ ቤት ማዘዣ አልነበረውም።

ማታ ላይ ደግሞ በኩዊንና ስፓዳይና ጎዳናዎች መጋጠሚያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአራቱም አቅጣጫ በፖሊስ መስመር ተዘጋባቸው። ይህ ስልት በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች «ኬትሊንግ» ይባላል፤ ሕዝቡን በቀለበት ከቦ መውጫ ማሳጣት ነው። በለንደኑ የቡድን 20 ጉባኤ በ2009 ጥቅም ላይ ውሎ ብርቱ ወቀሳ አስከትሎ ነበር። በቶሮንቶ ከተከበቡት መካከል ሰልፈኛ ብቻ ሳይሆን ውሻ ይዞ የወጣ፣ ከምግብ ቤት የተመለሰ፣ ሊዘግብ የመጣ ጋዜጠኛም ነበር። ከባድ ዝናብ ወረደ። ሰዎቹ በቲሸርት ሆነው ለአራት ሰዓት ያህል በዝናብ ቆሙ፤ እየተመረጡም በፕላስቲክ ካቴና ታሰሩ። በመጨረሻ አዛዡ ብሌር ራሳቸው ትእዛዝ ሰጥተው የቀሩት ተለቀቁ። ይህ ሁሉ በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፍ ነበር።

የታሰሩት ሰዎች ለፊልም ቀረጻ ይውል ወደነበረ ኢስተርን ጎዳና ላይ ወደሚገኝ አዳራሽ ተወሰዱ። በሽቦ የታጠሩ ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ታጭቀው ሲሚንቶ ላይ ተኙ። የውኃና የምግብ እጥረት፣ በር የሌለው መጸዳጃ፣ ልብስ አስወልቆ መፈተሽ፣ ጠበቃ ወይም ቤተሰብ ደውሎ ለማግኘት ለረጅም ሰዓት መከልከል በኋላ በወጡ ሪፖርቶች ሁሉ ተጠቅሰዋል። ብዙዎቹ የተያዙት «ሰላም ማደፍረስ» በሚል ነው። ይህ በካናዳ ሕግ ራሱን የቻለ ወንጀል አይደለም፤ ፖሊስ ለጊዜው ይዞ እንዲያቆይ የሚፈቅድ ሥልጣን ነው። ስለዚህም ሰው አንድ ቀን ታስሮ፣ ምን እንዳጠፋ ሳይነገረው፣ በሌሊት በር ላይ ይለቀቅ ነበር። ክስ የተመሠረተባቸው ወደ 330 ገደማ ሲሆኑ የአብዛኞቹም ክስ ተቋርጧል ወይም ውድቅ ሆኗል።

የሕዝቡ ምላሽ

ሰኞ ጁን 28 ከ1,000 በላይ ሰዎች በፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ተሰለፉ። በጁላይ ወር ውስጥም በሌሎች የካናዳ ከተሞች የሕዝብ ምርመራ ይደረግ የሚሉ ሰልፎች ተካሄዱ። የፌስቡክ ቡድኖችም በጥቂት ቀናት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር አባል አገኙ።

ነገር ግን እነዚህ ሰልፈኞች አብዛኛውን ሕዝብ ይወክሉ ነበር ማለት ስሕተት ይሆናል። በጉባኤው ማግሥት በተደረገ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ከሦስት ካናዳውያን ሁለት ያህሉ የፖሊስ እርምጃ ተገቢ ነበር ብለዋል፤ በቶሮንቶማ ድጋፉ ከዚያም በላይ ነበር። የከተማዋ ምክር ቤት ጁላይ 7 ቀን ፖሊስን የሚያመሰግን ውሳኔ 36 ለ 0 በሆነ ድምፅ አጸደቀ። አንድም የተቃወመ አልነበረም። የሚቃጠሉት የፖሊስ መኪኖች ምስል በየሰዓቱ በቴሌቪዥን ይደጋገም ስለነበር ሰዉ የፈራው ፖሊስን ሳይሆን ሰልፈኛውን ነው። ከሰልፈኞች ወገን የሚጻፉ ጽሑፎች ይህን ያልፉታል፤ ያለ እርሱ ግን የኋለኛው ለውጥ አይገባም።

አስተያየቱን የለወጠው በመጀመሪያ ቪዲዮ ነው። በዚያ ሰኔ ስልክ ያልያዘ ሰልፈኛ ጥቂት ነበር። በኩዊንስ ፓርክ አንድ ሰው በፖሊሶች ተከቦ ሲደበደብ የሚያሳይ ምስል ተለቀቀ። የፖሊስን ጥፋት የሚመረምረው የክፍለ ሀገሩ ልዩ መርማሪ ቡድን ጉልበት ከመጠን በላይ ተጠቅመው ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን ደብዳቢዎቹን ለይቶ ማወቅ አልተቻለም ብሎ ፋይሉን ዘጋው። ብሌር ቪዲዮው ተነካክቷል ሲሉ ተናገሩ፤ ወዲያው ስሕተት መሆኑ ሲታወቅ ይቅርታ ጠየቁ። ሌላ ቪዲዮ ተገኝቶ ፋይሉ እንደገና ተከፈተ፣ አንድ ፖሊስም በ2013 ጥፋተኛ ተብሎ 45 ቀን እስራት ተፈረደበት። ቅጣቱ በይግባኝ ወደ ገደብና የማኅበረሰብ አገልግሎት ተለውጧል። ለይቶ ማወቅ ካስቸገረበት ምክንያት አንዱ ፖሊሶች የስም ምልክታቸውን አውልቀው መሰማራታቸው ነው፤ በዚህ ጥፋት ወደ 90 የሚጠጉ ፖሊሶች የአንድ ቀን ደመወዝ ተቀጥተዋል።

በአንጻሩ መስታወት የሰበሩትን ለማግኘት ፖሊስ ከሕዝብ የተሰበሰቡ ፎቶዎችን በካናዳ የባንኮች ማኅበር የፊት መለያ ሶፍትዌር አመሳክሯል፤ የተፈላጊዎችንም ፎቶ ለሕዝብ አሰራጭቷል። ለዚህ ወገን ቴክኖሎጂው ሲገኝ ለዚያኛው ወገን «መለየት አልተቻለም» መባሉን ብዙዎች ታዝበዋል።

ሪፖርቶቹ

የፌዴራሉ መንግሥት በጠቅላይ ሚኒስትር ስቲቨን ሃርፐር ዘመን አጠቃላይ የሕዝብ ምርመራ እንዲካሄድ አልፈቀደም። ስለዚህ ነገሩ በክፍለ ሀገርና በከተማ ደረጃ በተቆራረጡ ምርመራዎች ተጠና። ይህ አከፋፈል የራሱ ችግር ነበረው፤ ጥበቃውን በበላይነት ያስተባበረው የፌዴራሉ ፖሊስ ሲሆን የክፍለ ሀገሩ መርማሪዎች እርሱን የመጠየቅ ሥልጣን አልነበራቸውም።

የመጀመሪያውና ጠንካራው ሪፖርት በዲሴምበር 2010 የወጣው የኦንታሪዮ እንባ ጠባቂ የአንድሬ ማረን ነው። ማረን ያተኮሩት በ1939ኙ አዋጅ ላይ ነው። ደንቡ ሕገ መንግሥታዊነቱ አጠራጣሪ እንደሆነ፣ ሕዝቡ ሳያውቀው መውጣቱም እንደ ወጥመድ እንደሆነ ጻፉ፤ በዚያ ቅዳሜና እሑድ የደረሰውም በካናዳ ታሪክ በዜጎች ነፃነት ላይ ከደረሱት ጥሰቶች ሁሉ የከፋው ነው አሉ። የክፍለ ሀገሩ መንግሥትም አዋጁ በሌላ ጠባብ ሕግ እንዲተካ ተስማማ። ይህ በተግባር እስኪፈጸም ግን እስከ 2015 ቆይቷል።

በሜይ 2012 በፖሊስ ላይ የሚቀርቡ አቤቱታዎችን የሚያየው ገለልተኛ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ጌሪ ማክኒሊ 42 ምክረ ሐሳቦች ያሉት ሪፖርት አወጡ። ለመሥሪያ ቤቱ 356 አቤቱታዎች ቀርበውለት ነበር። ሪፖርቱ ብዙዎቹ እስሮች ሕገ ወጥ እንደነበሩና በማቆያው የነበረው አያያዝም የታሳሪዎችን መብት የጣሰ እንደነበር ይዘረዝራል። ከአንድ ወር በኋላ የቀድሞው ዳኛ ጆን ሞርደን ለከተማዋ የፖሊስ ቦርድ ባቀረቡት 38 ምክረ ሐሳብ ያለው ጥናት ጥያቄውን ወደ ሲቪል ተቆጣጣሪዎቹ መለሱት፤ ቦርዱ ፖሊስን አዝዞ መቆጣጠር ሲገባው ምን ታቅዷል ብሎ እንኳ በበቂ አልጠየቀም። የቶሮንቶ ፖሊስ በበኩሉ ከ2011 ጀምሮ ሕዝብን በቀለበት መክበብን እንደማይጠቀም አስታውቋል።

ተጠያቂነትና ካሣ

ከከፍተኛ መኮንኖች መካከል በዲሲፕሊን ችሎት ጥፋተኛ የተባሉት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ሱፐርኢንቴንደንት ማርክ ፌንተን በኖቮቴል ፊትና በኩዊንና ስፓዳይና የተፈጸሙትን ከበባዎች ያዘዙ ሲሆን፣ በ2015 ሕገ ወጥ እስር በማዘዝ ጥፋተኛ ተባሉ። ቅጣታቸው የ30 ቀን ዕረፍት መነጠቅ ነበር፤ በይግባኝ ወደ 60 ቀን ከፍ አለ።

የታሰሩትና የተከበቡት ሰዎች ያቀረቡት የቡድን ክስ ደግሞ ገና በመነሻው ለዓመታት ተጎተተ። ክርክሩ የነበረው ሰዎቹ በጋራ መክሰስ ይችላሉ ወይስ እያንዳንዱ በተናጠል ይክሰስ የሚል ነው። አንድ ተማሪ ወይም አስተናጋጅ ብቻውን ከፖሊስ ጠበቆች ጋር ዓመታት መከራከር እንደማይችል ግልጽ ስለሆነ የጥያቄው መልስ የጉዳዩ ዕጣ ነበር። ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶች የጋራ ክሱን ፈቀዱ፤ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2016 የፖሊስ ቦርዱን አቤቱታ ሳይቀበል ቀረ።

በኦክቶበር 2020 ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት ይፋ ሆነ። ወደ 1,100 ለሚሆኑ ሰዎች በጠቅላላ 16.5 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ተመደበ። እያንዳንዱም እንደ ደረሰበት ሁኔታ ከ5,000 እስከ 24,700 ዶላር እንዲያገኝ ተወሰነ። የቶሮንቶ ፖሊስ በጽሑፍ ባወጣው መግለጫ በዚያ ቅዳሜና እሑድ ስሕተት መፈጸሙን አምኖ መጸጸቱን ገለጸ። የእስሩ መዛግብት እንዲሰረዙም ስምምነቱ ይደነግጋል። በዚያን ጊዜ ቢል ብሌር ከፖሊስ አዛዥነት ወጥተው የፓርላማ አባል ሆነው ነበር፤ ስምምነቱ ሲፈረምም የካናዳ የሕዝብ ደኅንነት ሚኒስትር ነበሩ።